የመክፈቻው ጩኸት

ዳይሬክተሩ ከበሩ ጀርባ በግንባሩ ተደፍቷል። የመብራት ማቆሚያው ከባድ ብረት ማጅራቱን ፈርክሶት፣ ፀጉር እንደተጣበቀበት ከጎኑ ወድቋል። ደሙ በጣውላው ላይ ተንጣልሎ ደፉን ተሻግሯል። በሩ ለፊልም ተብሎ የተሠራ የውሸት በር ነው፤ ሰውየው ግን የምሩን ሞቷል።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «ወይዘሮ ለምን» ይሏታል። ሌላው «ማነው?» እያለ ሲራወጥ እሷ «ለምን?» ብላ ስለምትቆም ነው። አለቃዋ ግን ዛሬ ጥያቄ አላማረውም። «ሚስትየው እጅ ከፍንጅ ተይዛለች፤ ይዘሻት ነይ» ብሎ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘግቶታል።

ሚስትየው የፊልሙ ተዋናይት ናት። እስከ ክርኗ በደም ተነክራ፣ በካቴና ታስራ፣ ኮሪደሩ ጥግ ቁጭ ብላለች። ዛሬ ከዚህ ታስራ ከወጣች ዕድሜ ልኳን እንደማትመለስ ገብቷታል።

«ወንድሜን በላችው!» አለ የሟቹ ታላቅ ወንድም፣ የፊልሙ ፕሮዲዩሰር። «ጠዋት እንለያይ ብላ ስትጮህበት አዳራሹ ሙሉ ሰምቷል። ምን ትጠብቂያለሽ? ውሰጃት እንጂ!»

«እወስዳለሁ ጋሼ። ብቻ የምወስደውን ሰው ልወቀው።»

መጀመሪያ ካሜራማኑን ጠራች።

«ምን ነበር የምትቀርጹት?»

«የፊልሙን መክፈቻ። ልብ አንጠልጣይ ፊልም ተመልካቹን ወንበሩ ላይ ሳይደላደል ማነቅ አለበት ይል ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና። ካሜራው መሬት ለመሬት፣ እንደሚያደባ ድመት ቀስ ብሎ ይሳባል። መብራቱ ቀይ ብቻ ነው። መጀመሪያ የሚታየው ባዶ ኮሪደር ነው፤ እሷ ፋኖስ ይዛ ከጨለማው የምትወጣው ቆይታ ነው። ከዚያ በሩን ትከፍታለች፣ አሻንጉሊት ሬሳ ታያለች፣ ትጮኻለች።»

«ስትጮህ ለምን አላቆምክም?»

«‹ቁረጥ› የሚለው እሱ ብቻ ነዋ! ሳይፈቅድ ካሜራ ያቆመ ሰው በማግስቱ ሥራ የለውም። እኛ ትወና መሰለን። እሱን አቅፋ ስታነባ ፊቷን እያቀረብኩ ነበር። እንዲያውም አጨበጨብን።» ይህን ብሎ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

የድምፅ ባለሙያው ግን እርጋታው ያስቀናል። እንደ ካሜራማኑ ጥቁር በጥቁር ለብሷል፤ ልብስ ብርሃን እንዳይመልስ የቀረጻ ሰው ሁሉ እንዲሁ ነው የሚለብሰው። ረጅሙ ዘንግ ጉልበቱ ላይ ተጋድሟል። ጫፉ ላይ ያለው ማይክ ነጭ ፀጉራም ልባስ አለው፤ አሁን ግን በደም ረጥቧል።

«ይሄ ምንድነው?»

«ስትጮህ ሮጥኩ። ከእጄ አመለጠኝና ደሙ ውስጥ ወደቀ።»

«እስከዚያ ድረስ ነጭ ነበር?»

«እንደ ጥጥ።»

«ሰውየው መቼ ነው የሞተው ትላለህ?»

«‹ጀምሩ!› ካለ በኋላ ነዋ። ከጀርባ ሆኖ በድምፅ ማጉያ ሲናገር ሁላችንም ሰምተናል። ከዚያ ወዲያ እኔና ካሜራማኑ አንድ ላይ ነን፤ ኤዲተሯም ከክፍሏ ሆና ቀረጻውን በስክሪን ትከታተል ነበር። ብቻዋን ጨለማ ውስጥ የቆየችው እሷ ናት። እግዜር ያውቃል እንግዲህ።»

መርማሪዋ ሚስትየዋ አጠገብ ተንበረከከች። «ስትጣሉ እሱ ምን አለሽ?»

«ምን ይለኛል? ትናንት ሲጮህ ውሎ ጉሮሮው ተዘግቷል። ዛሬ ከሹክሹክታ በቀር አልወጣውም። በኋላ ‹ጀምሩ!› ሲል ጥርት ብሎ ሰማሁትና፣ እንደዚያ ተጣልቼው እንኳ፣ ተመስገን ተሻለው አልኩ።» እንባዋ ፊቷ ላይ ያለውን ደም ይዞት ወረደ።

መርማሪዋ ተነሥታ ቀዩን መብራት ብቻ አስበራች። ከቦርሳዋ ነጭ ወረቀት አወጣችና በቀይ እስክሪብቶ ሞነጫጨረችበት። ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ሁሉንም ወደ ኤዲተሯ ክፍል ሰበሰበች፤ ሚስትየዋንም ከነካቴናዋ።

«የኔ እህት፣ በሩ ከመከፈቱ በፊት ያለውን አሳዪኝ።»

ስክሪኑ ላይ ቀዩ ኮሪደር በዝግታ ተሳበ። ተዋናይቷ ፋኖሷን ይዛ ወጣች። እጇ የበሩን እጀታ ሊነካ ሲል ከላይ የሆነ ነገር ብቅ ብሎ ተመለሰ።

«አቁሚ! ያ ምንድነው?»

«ማይኩ ነው» አለ ካሜራማኑ። «ሳያውቀው ዝቅ አድርጎት ገብቶብኛል። ቀረጻ ያበላሻል እንጂ ምንም አይደል።»

«ምን ዓይነት ቀለም ነው?»

«ነጭ» አሉ ሁሉም።

«እስቲ ይህን ወረቀት እዩት። እዚያ ቀዩ መብራት ሥር በቀይ ስጽፍበት ባዶ ሆኖ ነው ያየሁት። ካሜራማኑ ያውቀዋል፤ በቀይ ብርሃን ቀይና ነጭ አይለይም። ዕድሜውን በጆሮው የኖረ ሰው ግን ላያውቀው ይችላል። አሁን ቀዩን ቀለም አውጪልኝ፤ የፋኖሷ ደካማ ብርሃን ብቻ ይቅር።»

ኤዲተሯ ቁልፉን ተጫነች። ኮሪደሩ ገረጣ። በማይኩ ነጭ ፀጉር ላይ ጥቁር ርጭት ቁልጭ ብሎ ወጣ። ፕሮዲዩሰሩ የወንበሩን መደገፊያ ጨበጠ።

«በሩ ገና አልተከፈተም» አለች መርማሪዋ። «ደሙ ግን ማይኩ ላይ አለ። ስለዚህ ሬሳውን ከእሷ በፊት ያገኘው ማይኩ ነው፤ ማይኩን ደግሞ የያዘው አንድ ሰው ነው። ብረቱን ሲያሳርፍ ዘንጉን አጠገቡ አስደግፎት ነበር። የተረጨውን ጥቁር ልብሱ ዋጠለት፣ የማይኩን ቀይ መብራት ደበቀለት። ነጩ መብራት ሲበራ ደነገጠና ማይኩን ደሙ ውስጥ ጣለው።»

«ድምፁስ? ‹ጀምሩ!› ያለው?» አለ ፕሮዲዩሰሩ።

«ጉሮሮው የተዘጋ ሰው ጥርት ብሎ አይጣራም ጋሼ። የሰማችሁት ትናንት የተቀዳ ድምፁን ነው፤ ያኔ እሱ ሞቶ ነበር። ለድምፅ ማጉያው ቅጂ የሚልከው የማን መሣሪያ ነው?»

ሁሉም ዓይኖች ወደ ድምፅ ባለሙያው ዞሩ። እሱ ዘንጉን ቀስ አድርጎ መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ለምን?» አለች መርማሪዋ።

«ባለፈው ፊልም ታናሽ ወንድሜ መብራት ሊሰቅል ወጥቶ ከጣሪያ ወደቀ። ጩኸቱ እዚሁ ማይክ ውስጥ ገባ። ዳይሬክተሩ ለዚህኛው መክፈቻ ያንን ጩኸት አድርግልኝ አለኝ፤ እንዲህ የሚያስፈራ ድምፅ የትም አይገኝም ብሎ። ክረምቱን ሙሉ የወንድሜን ሞት ከፍ አድርገው፣ ዝቅ አድርገው ሲለኝ ከረመ። ዛሬ ደግሞ ‹ቀጠነብኝ፣ የእሷን ጨምርበት› አለ። እውነተኛ ጩኸት ከፈለገ ይኸው አልኩ።»

«በእኔ አፍ?» አለች ሚስትየው።

«አንቺ ትታሰሪያለሽ ብዬ አላሰብኩም።»

«ካቴናው ሲገባላት ግን እያየህ ዝም አልክ» አለች መርማሪዋ። ካቴናውን ከሚስትየዋ ፈትታ ለእሱ አጠለቀችለት።

ፕሮዲዩሰሩ የወንድሙን ሚስት ቀና ብሎ ማየት አቃተው። እሷም አልጠበቀችውም። ወደ ኤዲተሯ ዞረች።

«የልጁ ጩኸት ፊልሙ ውስጥ አለ?»

«አለ።»

«አውጪው።»

ኤዲተሯ ፕሮዲዩሰሩን አየችው። «አውጪው» አለ እሱም፣ ድምፁ ተሰብሮ።

«የእኔስ?» አለች ሚስትየው።

«የአንቺ ማስረጃ ነው» አለች መርማሪዋ። «ፍርድ ቤት መሰማቱ አይቀርም።»

«እንግዲያው ቁጭ ብዬ እሰማዋለሁ።» ወደ ድምፅ ባለሙያው ተጠጋች። «አንተም ትሰማዋለህ።»

ሰውየው እጆቹን ወደ ጆሮዎቹ አነሳ። ካቴናው ግን አጭር ነው፤ መሸፈን የቻለው አንዱን ጆሮ ብቻ ነበር።