ለዝንጀሮም ለኢላማም

መርማሪው ሃምሳ አለቃ ውዱ ከላሊበላ ተነሥቶ ብልባላ ሲደርስ ሟቹ ገና አልተቀበረም። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ጋሻዬ፣ በኢላማው ሜዳ ዳር፣ ከጥይት ማቆሚያው የአፈር ክምር ሥር ደረቱን ተመትቶ ተገኝቷል። ልምምዱ አብቅቶ ሰው ሲበተን የኢላማውን ጣውላ ሊያነሣ ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። ተኩሱን የሰማ እንጂ ተኳሹን ያየ የለም።

ገዳዩ ግን ተገኝቷል ተብሏል። ለማኅበሩ ጥበቃዎች ተኩስ የሚያስተምረው ከፋለ፣ ዝንጀሮ አዳኙን ሰጠኝን አስሮ ሲያስገርፈው ነበር የጠበቀው። ሰጠኝ በማግሥቱ ወደ አውራጃ ይላካል፤ በዚያ በደርግ ዘመን «ፀረ ሕዝብ» ተብሎ የሚላክ ሰው ሬሳውም አይመለስም።

«ምን ይመረምሩታል፣ ጓድ ሃምሳ አለቃ?» አለ ከፋለ። «የሟቹ ቁስል ውስጥ ለውስጥ ተቦጫጭቋል። የጥይት ጫፍ እየነካካ የሚተኩስ በዚህ አገር ሰጠኝ ብቻ ነው።»

ውዱ ችኩል ሰው አይወድም፤ ችኩል ሹም ደግሞ ጭራሽ ያንገፈግፈዋል። ገናዦቹ ዘንድ ገብቶ የሟቹን ጀርባ በጣቱ ዳሰሰ። ከቆዳው ሥር ጠጣር ነገር አገኘና በምላጭ ከፍቶ አወጣው። አረሩ ነበር። ጫፉ በአራት ተሰንጥቆ ወደ ኋላ ተበልቅጧል። በመሐረቡ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተና ገናዦቹን «አፋችሁን!» አላቸው።

ልምምዱ ሲያበቃ ጥይት ተርፏቸው ከሜዳው የወጡት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ሰጠኝ፣ ከፋለና የሟቹ የአጎት ልጅ ምስጋኑ። ሦስቱም ምንሽር ያነገቱ፣ ጥይታቸውም ከአንድ ሳጥን የታደለ። ውዱ ሦስቱንም የጠየቀው አንድ ነገር ነው።

«ለአደንም ለኢላማም የምትመርጠው የትኛውን ጥይት ነው?»

«እኔ እንደመጣ ነው የምተኩሰው» አለ ምስጋኑ። «ጫፉን ከነካኩት መንገዱን ይስታል።»

«ከጋሻዬ ጋር በግጦሽ ተጣልታችኋል አሉ።»

«ተጣልተናል።» ምስጋኑ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። «ይኸው ሳልታረቀው ሞተብኝ።»

ከፋለ በበኩሉ ጥያቄው ራሱ አሳቀው። «እኔ የኦጋዴን ዘማች ነኝ። አደን የሚሉትን አላውቅም፤ የምተኩሰው ጫፉ ያልተነካውን ነው።» ይህን ሲል ቤቱ ውስጥ ከተቀመጠበት አልጋ ሥር ገና ያልደረቀ የነብር ቆዳ ጠርዝ ብቅ ብሎ ነበር። ውዱ አይቶ እንዳላየ ሆነ።

ሰጠኝ የተጣለው ባዶ ጎተራ ውስጥ ነው። የቀኝ እጁ ጣቶች ተሰባብረው አብጠዋል።

«እኔስ ለዝንጀሮም ለኢላማም የተሞረደውን ነው የምይዝ» አለ።

«የተሞረደ ጥይት ለኢላማ ይሆናል እንዴ?»

«አይሆንም። ሁልጊዜ የምሸነፈው በምን ሆነና! ግና ዝንጀሮ ገብሴ ውስጥ ገብቶ ሳለ ጥይት ልለውጥ ብል ቆሞ ይጠብቀኛል?»

«ጋሻዬን ማን ይጠላው ነበር?»

«እንጃ፣ ጌታዬ። ለልምምድ የመጣውን ጥይት ነብር ማደኛ ያደረገ ሰው አለ፣ ስብሰባ ላይ አወጣዋለሁ ሲል ግን ጋሻዬን ሰምቼዋለሁ።»

በማግሥቱ ጧት ውዱ ሕዝቡን ኢላማው ሜዳ ላይ ሰበሰበ። ከፊቱ ጥይት፣ ሞረድና ሰንጢ አኖረ።

«የሰጠኝን ጥይት ለአለቆቼ ማሳየት አለብኝ» አለ። «ዝናሩ አልተገኘም፤ እሱም እጁ ተሰብሯል። ምስጋኑና ከፋለ፣ ሁለታችሁ ሥሩልኝ።»

ምስጋኑ ሞረዱን አንሥቶ የጥይቱን ሹል ጫፍ ጠፍጣፋ እስኪሆን ፈገፈገው።

«ኧረ እንዲህ አይደለም!» ከፋለ ሰንጢውን ነጠቀና ጫፉን አንዴ በቁመት፣ አንዴ በአግድም ቀረጸው። «የሱ ይኸው እንዲህ ነው።»

ሕዝቡ አጉረመረመ። የሰጠኝ ሚስት ወለተ ሐና ሰውን ገፍታ ወጣች።

«መስቀል?» ብላ ጮኸች። «መስቀል ቀርጾ ዝንጀሮ ሆድ ውስጥ የሚሰድ ክርስቲያን በላስታ ምድር አለ? የምሞርድለት እኔ ነኝ!» የደበቀችውን የባሏን ዝናር ከነጠላዋ ሥር አውጥታ ውዱ እግር ሥር ወረወረችው። የጥይቶቹ ጫፍ ሁሉ ጠፍጣፋ ነበር።

ውዱ መሐረቡን ፈታ።

«ይህ ከጋሻዬ ጀርባ የወጣ ነው። የተሞረደ ጥይት ሥጋ ሲያገኝ ይደፈጠጣል፤ ይኸኛው ግን በአራት ተሰንጥቋል፤ መስቀል ተቀርጾበታልና። ሰጠኝ ጥይት እንደሚነካካ አገር ያወራዋል። ምስጋኑ የሰጠኝ ጥይት ምን እንደሚመስል አይቶ ያውቃል፤ ወንጀሉን ሰጠኝ ላይ ሊጥል ቢፈልግ ሞርዶ ይተኩስ ነበር። አንተ ግን፣ ከፋለ፣ በወሬ ሰማህና ጦር ሰፈር የተማርኸውን ሠራህ። አደን አላውቅም አልኸኝ፤ አልጋህ ሥር ያለው ነብር በበሽታ ነው የሞተ? ጋሻዬ ስብሰባ ላይ ሊያወጣው የነበረው አንተን ነው።»

ከፋለ እጁን ወደ ምንሽሩ ሰደደ። ምስጋኑ ቀድሞ አፈሙዙን ያዘውና ጥበቃዎቹ ወድቀውበት አሰሩት።

ውዱ ሰጠኝን ከጎተራው አስፈትቶ ጠመንጃውን በገዛ እጁ መለሰለት። የሰጠኝ ጣቶች አልታዘዝ አሉ፤ ጠመንጃው ከእጁ አምልጦ መሬት ወደቀ። ከማዶ ከገብሱ ውስጥ ዝንጀሮዎች ይጮኻሉ። ውዱ አፈረ፤ አንድ ቀን ቀድሞ ቢደርስ ኖሮ ይህ እጅ ይተርፍ ነበር።

ወለተ ሐና ጠመንጃውን አንሥታ ትከሻዋ ላይ አነገተችው።

«መሞረዱን እችላለሁ» አለችው ባሏን። «መተኮሱን ታሳየኛለህ።»

ሰጠኝ የተሰበረ እጁን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍኖ አለቀሰ።