ባለ ቀይ ክሩ ኬብል

«ከነዚህ አንዱ አታላይ ነው» አላት ስልክ ጠጋኙ፣ ሁለት ኬብሎች መስታወቱ ላይ አጋድሞ። «እስቲ ለዪው።»

ድንቢጥ ጎንበስ ብላ አየቻቸው። ሁለቱም ጥቋቁር፣ ሁለቱም ከጣት ብዙም የማይረዝሙ፣ ሁለቱም የቁልፍ መያዣ ቀለበት ያላቸው ናቸው። በአንዱ ጫፍ ኮምፒውተር ላይ ይሰካሉ፤ በሌላው ጫፍ ሦስት ሦስት ራስ አላቸው፤ አንዱ ለታይፕ ሲ፣ አንዱ ለአይፎን፣ አንዱ ለድሮዎቹ ስልኮች። መንታ ናቸው።

«አይለዩም» አለች።

«ችግሩ እሱ ነዋ።» ጠጋኙ ከመሳቢያው ሁለት የተበላሹ ኬብሎች አውጥቶ በምላጭ ሰነጠቃቸው። ከአንዱ ሆድ ቀይና ጥቁር ክር ብቻ ወጣ፤ ከሌላው ቀይ፣ ጥቁር፣ አረንጓዴና ነጭ። «ባለ ሁለት ክሩ ኃይል ብቻ ነው የሚያሳልፈው። ስልክሽን ይሞላል፣ አለቀ። ፎቶ በይ፣ ድምፅ በይ፣ ወደ ኮምፒውተር አያሻግርልሽም። ባለ አራት ክሩ ሁለቱንም ያደርጋል። ሰው ግን ውጩን አይቶ ይገዛና፣ ስልኩ ሲሞላለት ጨዋ ኬብል የገዛ ይመስለዋል።»

ጨዋውን ከሱቁ ኮምፒውተርና ከድንቢጥ ስልክ ጋር ሲያገናኘው፣ ስልኩ ፋይል ላስተላልፍ ወይ ብሎ ጠየቀ። አታላዩን ሲሰካው ባትሪው መሙላት ጀመረ፤ ኮምፒውተሩ ግን ጭጭ። ምንም እንዳልተሰካበት ጭጭ።

ያ ጭጭታ ድንቢጥን ደስ አሰኛት። አንድ ሐሳብ መጥቶ ሆዷ ውስጥ ቁጭ አለ፤ የሚነሳም አልመሰለም።

«የቱን ልስጥሽ?»

«ሁለቱንም።»

«አታላዩ ደግሞ ምን ሊያደርግልሽ?»

«የምሰጠው ሰው አለ» አለች ድንቢጥ።

ባለ አራት ክሩን በትምህርት ቤቷ ክለብ ገንዘብ፣ ባለ ሁለት ክሩን ከራሷ ኪስ ገዛች። ሌባ አይደለችማ! በቀሏን በራሷ ገንዘብ ነው የገዛችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድንቢጥ መጠሪያ ስሟ አይደለም፤ ከክፍሉ ሁሉ አጭርና ቀጭን ስለሆነች የወጣላት ነው። የክፍል ጓደኛዋ ራዲዮም እንደዚሁ፤ አፏ ስለማይዘጋ ነው። ሁለቱ ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ የተጋሩ፣ የትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ክለብም አብረው የገቡ ጓደኛሞች ናቸው። ነበሩ ማለት ይሻላል።

ከወር በፊት ሽማግሌው የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ጡረታ ሊወጡ የመጨረሻ ቀናቸው ነበር። ድንቢጥ ሦስት ሳምንት ሙሉ በሩ ሥር አጠገባቸው እየተቀመጠች ድምፃቸውን በስልኳ ቀድታለች፤ ስንት አርፋጅ እንደመለሱ፣ ለስንቱ ደግሞ ዓይናቸውን ጨፍነው እንዳሳለፉ። በዚያ አርብ በእረፍት ሰዓት በግቢው ድምፅ ማጉያ ሊተላለፍ ነው። የክለቡ አሮጌ ኮምፒውተር ኢንተርኔት የሚባል ነገር አያውቅም፤ ድምፅ የሚገባለት በኬብል ብቻ ነው። ስልክን ማይክ ላይ ደግፎ ማሰማት ተሞክሮ፣ ማጉያው እንደ ንብ ቀፎ ሲጮህ የክለቡ መምህር ከልክለዋል። የድንቢጥ ኬብል ደግሞ ቀን መርጦ በዚያው ጠዋት ከአንገቱ ተቀነጠሰ።

«ኬብል አለሽ?» አለቻት ራዲዮን፣ እየሮጠች ገብታ።

«ውይ፣ ቤት ረስቼዋለሁ» አለች ራዲዮ፣ ዓይኗን እንኳ ሳትሰብር።

እረፍቱ ባዶውን እንዳያልፍ ራዲዮ ማይኩን ይዛ ሃያ ደቂቃ በቃሏ ለፈለፈች። ግቢው በሳቅ ፈረሰ። መምህሩ «ጋዜጠኛ ማለት እንዲህ ነው» ብለው አጨበጨቡላት። ዘበኛው ግን የታጠበ ኮታቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ከድምፅ ማጉያው ሥር የራሳቸውን ድምፅ ሲጠብቁ ደወል ተደወለ። ባርኔጣቸውን ደፍተው ሄዱ። ዝግጅቱ በሳምንቱ ተላለፈ፤ እሳቸው ግን አልነበሩም።

የዚያን ቀን ድንቢጥ ደብተሯን ስታነሳ፣ ከራዲዮ ቦርሳ የጎን ኪስ አንድ ነጭ የኬብል ራስ ብቅ ብሎ አየች። ቤት የተረሳው ኬብል መሆኑ ነው። ደብተሯን ይዛ ወጣች። አንጀቷ ግን እርር ድብን አለ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ ራዲዮ በማግስቱ ሁሉን ረስታ ማስቲካ ስታካፍላት፣ ድንቢጥ ተቀብላ አኘከች። ከማስቲካው ጋር ቂሟንም ታኝክ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የክለቡ መምህር አንድ ሥርዓት አወጡ። የክለቡ ክፍል ቁልፍ በየሳምንቱ ከእጅ እጅ ይዞራል፤ ባለ ሳምንቱ ክፍሉን ይከፍታል፣ ይጠርጋል፣ የአርቡን ዝግጅት ያቀርባል። «እንግዲህ ኬብሉም ከቁልፉ ጋር ይንጠልጠል» አሉ። «መርጣ የምትገዛውም ድንቢጥ ናት። የተቃጠለ ሰው ነው እሳትን የሚያውቀው።» የሚቀጥለው ባለ ሳምንት ማን ነው? ራዲዮ!

ድንቢጥ ቤት ስትደርስ እናቷ ስፌት መኪናቸው ላይ አጎንብሰው የደንብ ልብስ ይቀመቅሙ ነበር። ልጅቷ ከክር ሣጥኑ ቀይ ክር በጥሳ አታላዩ ኬብል ላይ ስታስር አዩዋት። ክሩ ከሌለ ራሷም አትለያቸውም።

«ሁለት ኬብል ምን ያደርግልሻል?»

«አንዱ ለራዲዮ ነው።»

«እሰይ፣ የኔ ልጅ» አሉ እናቷ፣ መርፌያቸው ላይ ክር እየሰኩ። «ጓደኛ ማለት እንዲህ ነው።»

ድንቢጥ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ሰኞ ዕለት ቁልፉን ከመምህሩ ተቀብላ፣ ከነኬብሉ ለራዲዮ አስረከበቻት። «ቀይ ክር አሰርሽበት? ታምሪያለሽ እኮ» አለች ራዲዮ፣ አፏን ሞልታ። የራሷን ነጭ ኬብል ቤት ጥላ፣ ሳምንቱን ሙሉ አዲሱን ጣቷ ላይ እያሽከረከረች፣ ከእኔ ወዲያ ላሳር እያለች ግቢውን ዞረች። ስልኳን በግድግዳ ቻርጀር ሞላችበት፤ የክፍሉን ልጅ ሁሉ ስልክ ሞላችበት። «ድንቢጥ የመረጠችው ነው» ትላለች ለጠየቃት ሁሉ። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ያለው ዝግጅት ከወረቀት የሚነበብ ስለሆነ ኮምፒውተር የነካ የለም። ድንቢጥ ቀን ቆጠረች። መስታወት ፊት ቆማም አንድ ዓረፍተ ነገር ተለማመደች።

አርብ በእረፍት ሰዓት የክለቡ ክፍል ውስጥ ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ድንቢጥ መስኮቱ ሥር መጽሐፍ ገልጣ ተቀምጣለች። ባለ አራት ክሩ ኬብል ቀሚሷ ኪስ ውስጥ ነው፤ ነገሩ ካለፈ በኋላ ቀስ ብላ ልትለውጠውና ማንም ሳያውቅ ሊያልቅ ነው።

ራዲዮ ሰካች። ስልኩ መሙላት ጀመረ። ኮምፒውተሩ ጭጭ አለ። ነቅላ ሰካች፤ ጫፉን እፍ አለችበት፤ ሌላ ቀዳዳ ላይ ሞከረች። ጭጭ። ሁለት ደቂቃ አለፈ፤ ሦስት። የአንገቷ ሥር ቀላ። ድንቢጥ ከመጽሐፉ በላይ እያየች አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ወር ሙሉ የጠበቀችው ይህችን ነው፤ አልዋሽም፣ ጣፈጣት።

«ድንቢጤ፣ ሌላ ኬብል አለሽ?»

«ውይ፣ ቤት ረስቼዋለሁ» አለች ድንቢጥ። ዓይኗን አልሰበረችም። በልምምዷ ልክ ወጣላት።

ራዲዮ ፊቷን ወደ ድንቢጥ መለሰች። ለቅጽበት የሆነ ነገር ትዝ ያላት መሰለ። ከዚያ ግን ወደ መስኮቱ ተጠግታ ወደ ውጭ አየች። «ምን ልበላቸው?» አለች በቀጭን ድምፅ። «እትዬ የቀዳሁትን ድምፃቸውን ሊሰሙ ውጭ ቆመዋል እኮ። ሻሻቸውን ቀይረው ነው የመጡት።»

ድንቢጥም ዞር ብላ አየች። የግቢው ጽዳት ሠራተኛ እትዬ፣ መጥረጊያቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ ከድምፅ ማጉያው ሥር ቀጥ ብለው ቆመዋል። አዲስ ሻሽ አስረዋል። እጃቸውን ታጥበው ውኃው ገና ይንጠባጠባል። የቆሙት ዘበኛው በቆሙበት ቦታ ነው።

«ማንበብ እንዴት እንደተማሩ ነው የነገሩኝ» አለች ራዲዮ። «ከክፍል ቅርጫት የተጨማደደ ወረቀት እያወጡ፣ እያቀኑ። በአርባ ዓመታቸው። ለማንም ነግረው አያውቁም።»

ድንቢጥ ኬብሉን ኪሷ ውስጥ ጨበጠችው። ለራዲዮ ቢሆን አትሰጥም ነበር፤ ዛሬም ነገም። ተነሳችና ኬብሉን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ቤት አልረሳሁትም» አለች። «አንቺም ያን ቀን አልረሳሽውም ነበር።»

ራዲዮ ኬብሉን አየችው፤ ድንቢጥን አየቻት። ዓይኗ እንባ ሞላ።

«አስራ ሁለት ደቂቃ ነው የቀረሽ» አለቻት ድንቢጥ። ባለ ቀይ ክሩን ከቁልፉ ፈትታ ኪሷ ከተተችና ወጣች። ይቅር አላለቻትም፤ ይቅር ልትላት እንደምትችልም ገና አታውቅም።

እትዬ አጠገብ ሄዳ ቆመች። ድምፅ ማጉያው ኮሽ ኮሽ አለና አንድ የሴት ድምፅ ግቢውን ሞላው፤ ኳስ የሚጫወቱት ልጆች እንኳ ቆም አሉ።

«እኔ ነኝ?» አሉ እትዬ፣ የድንቢጥን ክንድ ይዘው።

«እርስዎ ነዎት።»

«ውይ፣ ድምፄ እንዲህ ነው እንዴ?» ሻሻቸውን በእጃቸው ነካ ነካ አደረጉ። ፊታቸው የትንሽ ልጅ ፊት ሆነ።

ድንቢጥ ያንን ፊት አየችው። እጇ ሳታውቀው ወደ ሌላው ኪሷ ሄዶ ስልኳን ነካ። የዘበኛው ድምፅ እዚያው ውስጥ ነበር፤ ሃያ ደቂቃው ሳይጎድል፣ ወር ሙሉ እዚያው። በዚያ ወር ውስጥ ስለ ራዲዮ ያላሰበችበት ቀን የለም። ስለ ዘበኛው ያሰበችበትን ቀን ፈልጋ አጣችው።

ዝግጅቱ እስኪያልቅ ጠበቀች። ከዚያ የእትዬን መጥረጊያ ከግድግዳው አንስታ አቀበለቻቸው።

«እትዬ» አለች፣ «የጡረተኛው ዘበኛ ቤት የት እንደሆነ ያውቁታል?»