ከአራተኛው ሸራ የተቆረጠው

ሠዓሊ ይትባረክ በስቱዲዮው ወለል ላይ በጀርባው ተዘርግቷል። ግራ ጉንጩና ቅንድቡ ወደ ውስጥ ሰርጉደዋል። አጠገቡ የወደቀው የሐዲድ ብረት ቁራጭ ደምና ፀጉር ይዟል። ኢንስፔክተር ኢፍራህ ምቶቹን ቆጠረች፤ አምስት ናቸው። ለመግደል የመጀመሪያው ይበቃ ነበር።

በግድግዳው ላይ አምስት ትልልቅ ሸራዎች ተደርድረዋል። ሁሉም የደቻቱን ወንዝ አንድ ዳርቻ በአምስት ዘመን ያሳያሉ። በመጀመሪያው ሰው ያልረገጠው ዱር፣ በሁለተኛው ከብት የሚያጠጡ ሰዎች፣ በሦስተኛው ባቡርና ባለ በረንዳ ቤቶች አሉ። በአራተኛው ጎርፍ ከተማዋን ያፈርሳል። በአምስተኛው ፍርስራሹ ላይ ጨረቃ ወጥታለች። በሁሉም ላይ ያው አንድ ግራር በቀኝ በኩል ቆሟል።

ከአራተኛው ሸራ ላይ ግን በግራሩ ሥር የነበረው ቦታ መዳፍ በሚያህል ስፋት ተቆርጦ ተወስዷል። የደሙ ፍንጣቂ እስከ ቀዳዳው ጠርዝ ደርሷል። ከኋላ ያለው ግድግዳ ግን አንድ ጠብታ እንኳ የለበትም።

ሬሳውን ጠዋት ያገኘችው የሟቹ እህት አስካለማርያም ናት። ባሏ በቀለ ከዓመታት በፊት በጎርፍ ሞቶባት ከወንድሟ ጋር አንድ ግቢ ትኖራለች።

«እትዬ፣ ትናንት ምን ሲሠራ ነበር?» አለች ኢፍራህ።

«ጎርፉን። ቀለሙ አልመጣልህ ብሎት ቀትር ላይ ከደቻቱ አንድ ጣሳ አሸዋ አስመጣኝ። ከቡናማው ቀለም ጋር ቀላቀለው። እንዲህ አድርጎ አያውቅም። ከዚያ እኔ ለቅሶ ቤት ሄድኩ፤ አምሽቼ ስመለስ የተኛ መስሎኝ አልቀሰቀስኩትም።»

ሁለተኛው ተጠያቂ ሥዕሎቹን ለአዲሱ ሆቴሉ ያዘዘው ዐብዲቃድር ነበር። ከሠዓሊው ጋር ሲጨቃጨቅ ጎረቤት ሰምቷል።

«እኔ የፈለግኩት ሦስተኛውን ነው» አለ። «እንግዳ አልጋ ይዞ ፍርስራሽ ሊያይ ነው እንዴ? እሱ ደግሞ ‹ስንት ሥልጣኔ ወጥቶ ወርዷል፣ ድሬም ያው ናት› ይለኛል። አራተኛውን አቃጥለዋለሁ ብዬዋለሁ። ወላሂ ብያለሁ፤ ሰው ግን አልገደልኩም።»

ሦስተኛው የሟቹ አብሮ አደግ፣ ጡረታ የወጣው የባቡር መካኒክ ግሩም ነው። በቀለን ከጎርፍ ለማዳን ገመድ ይዞ የታገለ ሰው ተብሎ በሠፈሩ ይከበራል። ዓይኑ በልቅሶ አብጧል።

«ከመጣሁ ሳምንት ሆነኝ» አለ። «አራተኛውንም አላየሁትም፤ ይሸፍነው ነበር።»

ኢፍራህ ልታጽናናው እጁን ያዘች፤ ቶሎም አልለቀቀችውም። አውራ ጣቷ በሰዓቱ የቆዳ ማሰሪያ ጠርዝ ላይ የሚያጣብቅና የሚሻክር ነገር ነካ።

ከቀትር በኋላ ሦስቱንም በሥዕሎቹ ፊት ሰበሰበቻቸው።

«ቀዳዳው የተቆረጠው ከግድያው በኋላ ነው፤ ቀድሞ ቢቆረጥ ኖሮ ደሙ ግድግዳውን ያገኘው ነበር» አለች። «ስለዚህ ገዳዩ በሥዕሉ የተናደደ ሰው አይደለም። ዐብዲቃድር ቢሆን ሙሉውን ያነድደው ነበር። ይህኛው ከጎርፉ ሁሉ መርጦ መዳፍ የምታህል ነገር ደብቋል።»

«ምን ነበረባት?» አለች አስካለማርያም።

«አምስተኛውን እይው እትዬ። ያው ግራር፣ ያው ቦታ ነው።»

አስካለማርያም ተጠጋች። በደረቀው ግራር ግንድ ላይ የታሰረ ገመድ ተንጠልጥሏል። ጫፉ አልተበጣጠሰም፤ በስለት የተቆረጠ ነው። ወንድሟ ያንን ጫፍ በቀጭን ብሩሽ ተጠንቅቆ ስሎታል።

«ገመዱ ተበጠሰ ነበር ያልከኝ» አለች፣ ወደ ግሩም ሳትዞር።

«ሥዕል ነው አስኩ። ሠዓሊ የፈለገውን ይስላል።»

«በሰዓትህ ማሰሪያ ላይ ያለው ግን ሥዕል አይደለም» አለች ኢፍራህ። «ቡናማ የዘይት ቀለም ነው፤ አሸዋ አለበት። አሸዋ የገባበት ቀለም ትናንት ከቀትር በኋላ ከዚያ ሸራ በቀር የትም አልነበረም። አንተ ደግሞ ሳምንት ሆነኝ ብለሃል።»

ግሩም እጁን ወደ ኪሱ ሊከት ፈልጎ ተወው። ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«ገመዱን ስቆርጥ ከማዶ ሆኖ አይቶኝ ኖሯል» አለ። «ይህን ሁሉ ዓመት እኔ መሆኔን አላረጋገጠም ነበር። ትናንት ሥዕሉን ገልጦ ‹ይህ ሰው አንተ ነህ?› አለኝ። ዝም ስል ገባው። ‹ለእህቴ እስከ እሑድ ራስህ ንገራት› አለኝ። ከጠረጴዛው ያነሣሁት ብረት እጄ ላይ ነበር።»

«የበቀለን ገመድ ለምን ቆረጥከው?» አለች አስካለማርያም።

«ከግራሩ ያሰርኩት ገመድ እጄ ላይ ተጠምጥሞ ነበር። ውኃው እኔንም እየጎተተኝ ነበር። ፈራሁ።»

«እሱስ ምን አለህ?»

ግሩም የሰዓቱን ማሰሪያ በሌላ እጁ ሸፈነ።

«ስትቆርጠው ምን አለህ፣ ግሩም?»

«‹ያዝኩት፣ ልወጣ ነው› አለኝ። የግራሩን ሥር ይዞ ነበር።»

አስካለማርያም በቡጢ አፉን መታችው። ወንበሩ ተገለበጠ። ላዩ ላይ ወድቃ ደግማ መታችው፤ ጥርሱ ጣቷን ሲቀደውም አላቆመችም። ዐብዲቃድር ሊይዛት ሲነሣ ኢፍራህ በእጇ ከለከለችው።

ከሁለቱ በአምስት እርምጃ ርቀት ላይ ነበረች። ካቴናውን ከወገቧ ፈታችና ቀስ ብላ ተራመደች።