የአሞስ ሄድሊ ደብተር

ደብተሩ የለም። የመስታወት ሳጥኑ እንደተቆለፈ ነው። ፎቶግራፎቹም የቤቱ ካርታም በቦታቸው አሉ። የጠፋው የጠበቃው ደብተር ብቻ ነው።

ሲያትል፣ ኮሎምቢያ ሲቲ ሠፈር ያለው ይህ አሮጌ ቤት ዛሬ የኢትዮጵያውያን አረጋውያን መዋያ ነው። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት ግን ጠበቃና ሕግ አውጪ የነበረው አሞስ ሄድሊ ይኖርበት ነበር። ነገ የሲያትል ቅርስ ኮሚቴ ይሰበሰባል። የሄድሊ ታሪክ ሚዛን ከደፋ ቤቱ ይተርፋል፤ ካልደፋ ለፎቅ ይፈርሳል፤ አረጋውያኑም ይበተናሉ።

ወልደ ሥላሴ ሲደወልለት ከሲያትል በስተ ደቡብ ካለችው ከዴ ሞይን በመኪና እየበረረ መጣ። አዲስ አበባ ሳለ የወንጀል መርማሪ ሻምበል ነበር። ጡረታ የወጣው እግሩ እንጂ ዓይኑ አይደለም።

መጀመሪያ የያዘው የቤት ደላላውን መስፍንን ነው።

«ትናንት እዚህ ምን ትሠራ ነበር?»

«ፓርኪንግ አጥቼ እዚህ ፓርክ አደረግሁ፤ በቃ! ቤቱ ቢሸጥ ደስ ይለኛል፣ አልዋሽም። ግን ሌባ አይደለሁም፣ ሻምበል!»

ላብ አጥምቆታል። ወልደ ሥላሴ ግን ለቀቀው። ሄድሊ እዚህ መኖሩን የሚያስረዳው ካርታው ነው። ቤቱን ማስፈረስ የፈለገ ሰው ካርታውን ትቶ ደብተር ምን ያደርግለታል? ደግሞም የሳጥኑ ቁልፍ የኩሽና መሳቢያ ውስጥ መሆኑን የሚያውቁት የቤቱ ሰዎች ብቻ ናቸው።

የሕግ ተማሪዋን ቢታንያን ጠራት። ረቡዕ ረቡዕ ደብተሩን ለአረጋውያኑ በአማርኛ የምታነብላቸው እሷ ናት።

«የት ደርሳችሁ ነበር?»

«ሶ፣ ምክር ቤት የገባበት ጋ። ቻይናውያን ፍርድ ቤት በነጭ ላይ እንዳይመሰክሩ የሚከለክለውን ሕግ ሰፖርት አደረገ። እዚያ ላይ እማማ ጽጌ ‹ይብቃ፣ ሙት ወቃሽ አንሁን› አሉ።»

ወልደ ሥላሴ ሌላ ጥያቄ አላስፈለገውም። ጽጌ በረንዳው ላይ ቦርሳቸውን አቅፈው ተቀምጠዋል።

«እትዬ ጽጌ፣ ደብተሩን ይስጡኝ።»

ቦርሳቸውን ከፍተው አወጡት።

«የሞተ ሰው ገመና አይወጣም፣ ሻምበል። ኮሚቴውስ ይህን ካነበበ ቤቱን ይተውልናል? ይህን ቤት ካጣሁ እኔ የማወራው ከግድግዳ ጋር ነው።»

ወልደ ሥላሴ ደብተሩን ለቢታንያ ሰጣት።

«ቀሪውን አንብቢልን።»

አነበበች። ሕጉ በወጣ በዓመቱ አንድ ቻይናዊ ልብስ አጣቢ በነጭ ተዘረፈ። ዳኛው ቃሉን አልሰማም አለ። ችሎቱ ውስጥ የነበረው ሄድሊ «የዚህን ሰው አፍ የለጎምኩት እኔ ነኝ» ብሎ ጻፈ። የምክር ቤት ወንበሩን ለቀቀ። ሕጉ እስኪሻር ድረስ አሥራ አራት ዓመት ተሟገተ።

«አላስጨረስኩሽም እኮ!» አሉ ጽጌ፤ እንባቸው መጣ።

በማግሥቱ ኮሚቴው ፊት የቆሙት እሳቸው ናቸው፤ ቢታንያ እያስተረጎመች።

«ሰውየው ጥፋቱን በገዛ እጁ ጽፏል። ደብተሩን የደበቅሁት እኔ ነኝ። እዚያ ቤት ያጠፋም የካሰም አንድ ሰው ኖሯል። ሁለቱንም ጻፉልን።»

የኮሚቴው አባላት እጃቸውን አወጡ፤ ቤቱ ተረፈ። ሠላሳ ዓመት ሌባ ሲያሳድድ የኖረው ወልደ ሥላሴ ተነሥቶ ለሌባ አጨበጨበ።