መሬቱ ዝቅ ያለባቸው ቀናት

«መሣሪያውን ነክተሽዋል! በቃ፣ እመኚ!»

ቱርቦ ላፕቶፑን ወደ ሚጣ አዞረችው። ቱርቦ የሚለውን ስም ያወጣላት የወሬዋ ፍጥነት ነው፤ ዛሬ ደግሞ ንዴት ተጨምሮበታል።

«አልነካሁትም አልኩሽ እኮ!» አለች ሚጣ።

ሰገነቱ ላይ አጠገባቸው የቆመው፣ ከፍታ የሚለካው የሳተላይት መቀበያ የሟቹ የሚጣ አያት የአባባ ነው። አባባ ዕድሜያቸውን ሙሉ መሬት ቀያሽ ነበሩ። ሁለቱ ጓደኛሞች ለሳይንስ ትምህርት የዚህን የባሕር ዳርቻ ቤት ከፍታ ከትምህርት ቤት መልስ ሲለኩ ሰንብተዋል። ቤት እንደ ሰው ብድግ ቁጭ አይልም፤ ቁጥሩ በየቀኑ አንድ ዓይነት መሆን ነበረበት። ግራፉ ግን አንዴ የአውራ ጣት ስፋት ያህል ይወርዳል፣ አንዴ ተመልሶ ይወጣል።

«ነገ ነው የምናስረክበው» አለች ቱርቦ። «የግራፉን መስመር ቀጥ እናድርጋትና እንገላገል። አለዚያ ቲቸር ‹ዕቃው አሮጌ ነው› ብሎ ዜሮ ያከናንበናል።»

ሚጣን ያንገበገባት ዜሮው ሳይሆን «አሮጌ» የሚለው ቃል ነው። ትንሽ ልጅ ሳለች አባባ ሲለኩ ጃንጥላ የምትይዘው እሷ ነበረች፤ ያውም ለመሣሪያው። «እኔስ?» ስትላቸው «አንቺ በፀሐይ አትበላሺም» ይሏት ነበር። ያ ጊዜ በጣም ናፈቃት።

የሚጣ ሴት አያት እማማ የታጠበ ልብስ ሊያወርዱ እያለከለኩ ደረጃውን ወጡ። ጭቅጭቁን ሰምተዋል።

«ለመሆኑ ባሕሩን አይታችኋል?»

«ባሕሩ ምን አገባው እማማ? የምንለካው ቤቱን ነው» አለች ሚጣ።

«እኔም እንዲሁ ነበር የምለው! አባባሽ የልደቴን ቀን ይረሳ ነበር፣ ባሕሩ የሚሞላበትን ሰዓት ግን ፈጽሞ አይስትም። ‹ውሃው ሲሞላ ክብደቱ ዳርቻውን ይጫነዋል፤ መሬቱ ከነቤታችን ዝቅ ይላል፣ ሲጎድል ይመለሳል› ይለኝ ነበር። እኔ ደግሞ ‹ታዲያ ድስቴ ለምን አይደፋም?› እያልኩ አበሽቀው ነበር።»

ሳቁ። ከዚያ ልብሱን ከገመዱ አውርደው ታቀፉ።

«ዛሬ ቢኖር፣ መቶ ጊዜ ቢነግረኝም አልሰለችም ነበር።»

ሚጣ ስልኳን አውጥታ በየቀኑ ባሕሩ የሞላበትን ሰዓት ፈለገች። እነሱ ሁልጊዜ የለኩት በተመሳሳይ ሰዓት ነው፤ ባሕሩ ግን በየቀኑ እየዘገየ ነው የሚሞላው። መስመሯ የወረደችው እየለኩ ሳለ ውሃው ሞልቶ በነበረባቸው ቀናት ነው።

«አየሽ? ዕቃው ምንም አልሆነም!»

ቱርቦ ስልኩን አየች፣ ግራፉንም አየች። «እሺ፣ ልክ ነሽ እንበል። ክፍል ፊት ቆመሽ ‹ቤታችን ከፍ ዝቅ ይላል› ልትዪ? እስከ ዓመቱ መጨረሻ መሳቂያ እንሆናለን። ወይ ቀጥ አድርጊያት፣ ወይ ስሜን ከሥራው ላይ ሰርዢ» ብላ ቦርሳዋን አነገተች።

ሚጣ ላፕቶፑን ወደ ራሷ ሳበች። ሁለቱ ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነው የተቀመጡት። እጇ ላፕቶፑ ላይ ትንሽ ቆየ። መስመሯን አልነካቻትም። የቱርቦን ስም ግን ሰረዘች።

«የስምሽን ቦታ እስከ ጠዋት ክፍት እተውልሻለሁ» አለቻት።