ከመሳቢያው የጠፋው ድምፅ

ስልኩ ከመሳቢያው ጠፋ።

አሮጌ ነው፤ መስታወቱ ተሰንጥቋል። ሌባ መንገድ ላይ ቢያገኘው ጎንበስ ብሎ አያነሳውም። ውስጡ ግን በቅርቡ የሞተው የቤቱ ልጅ ለእህቱ እያነበበ የቀረጸላት የኔትወርክ መለማመጃ ፈተና አለ። ሌላ ቅጂ የለውም። እሷ ደግሞ ዋናውን ፈተና የምትወስደው ሰኞ ነው።

አጎቷ ጡረታ የወጣ መርማሪ ነው። የእህቱን ልጅ ከቀበረ ወዲህ ጫማውን ማሰር እንኳ ይደክመዋል። ቢሆንም መጣ። ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

"ማን ማን ገባ?"

"ከቤት ሰው ሌላ እሱ ብቻ፣" አለች ልጅቷ፣ የወንድሟን የሥራ ባልደረባ በአገጯ እያሳየች። "እሱም ተፈታኝ ነው። አውሺኝ ሲለኝ እምቢ ብዬዋለሁ።"

"ጋሼ፣ ሁለቴ ወድቄያለሁ፤ አሁንም ልወድቅ እችላለሁ። የጓደኛዬን ድምፅ ግን አልሰርቅም!" አለ ባልደረባው።

"የሰረቀ ሰውማ እንዲህ ነው የሚለው።"

"ተዪው፣" አላት አጎቷ። "ቻርጀሩስ?"

"እሱም የለም። ትናንት ግን እዚሁ ነበር።"

አጎትየው ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ። ስልኩ ከጠፋ ሳምንት ሊሞላው ነው። ባልደረባው ከዚያ ወዲህ የመጣው ገና አሁን፣ ተጠርቶ ነው። የወሰደው ሰው እዚሁ ቤት ነው ማለት ነው፤ ባትሪ አልቆበታል።

ልቡ ከበደው። የቤቱ ሰው ልጅቷና እናቷ ብቻ ናቸው።

"እስቲ ከሟቹ ጋር ካጠናችሁት የምታስታውሰውን ጠይቃት፣" አለው ባልደረባውን፤ ሳምንቱን ሙሉ ቀረጻውን ሲሰማ የከረመ ሰው መልሱ አያመልጠውም።

"ኔትወርክ ውስጥ ለሚገባ ኮምፒውተር አድራሻ የሚያድለው የቱ ነው?"

ልጅቷ ጣሪያ ጣሪያውን አየች።

"ዲኤችሲፒ ነዋ!" አሉ እናትየው ከመስኮቱ ሥር፣ ልብስ እያጣጠፉ። "'ለ' ላይ ያለው።"

አጎትየው ወደ መስኮቱ ዞረ።

"እትዬ፣" አለ አጎትየው ቀስ ብሎ፣ "ማን አስተማረሽ?"

እናትየው እጃቸውን ወደ ጉያቸው ሰደዱ። ስልኩን አወጡ።

"'ፈተናውን ልለፍ እንጂ አጠፋዋለሁ፣ ድምፁን አልችለውም' ስትል ሰማኋት። እኔ ደግሞ ያለ እሱ አልችልም። ይጠይቀኛል። ከዚያ ዝም ብሎ ይጠብቀኛል። መጀመሪያ 'አላውቅም ልጄ' እለው ነበር። ሲያሳዝነኝ ጊዜ አጠናሁለት።"

ልጅቷ መሬቱ ላይ እግራቸው ሥር ቁጭ አለች።

"አላጠፋውም፣ እማዬ። አብረን እናጥና።"

ስልኩን ከፈተችው።

"አትቸኩዪ፣" አለ ድምፁ። ያንኑ የአድራሻውን ጥያቄ አነበበ። ከዚያ እንደ ልማዱ ዝም ብሎ ጠበቀ።

መልሱን ሁሉም ያውቁት ነበር። ማንም ቶሎ ሊመልስለት አልፈለገም።