የተነከሰችው አሻንጉሊት

መጅዳ የሞተችው አሮጌ አሻንጉሊቶች በምታድስበት ጠረጴዛ ላይ ተደፍታ ነው። ሐኪሙ ያበጠ ጉሮሮዋን አይቶ፣ ሴቶች ከሒና ጋር የሚቀላቅሉት ሰብጋ የተባለው የጸጉር ማጥቆሪያ እንደገደላት ተናገረ። አጠገቧ የከርከዴ ሻይ ብርጭቆ ነበር።

መርማሪዋ ራንያ አል-ጣኢፍ ስትደርስ የቤት ሠራተኛዋ ዝናሽ እጇ በካቴና ታስሯል።

«ከርከዴውን ያፈላችው እሷ ናት! ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?» አለች የሟች እህት ሀኒፋ።

«አፍልቼ ለባላቸው ለሐጅ ሰጠኋቸው እንጂ እኔ ክፍሉ አልገባሁም፤ ወላሂ እህቴ!» አለች ዝናሽ በአማርኛ።

የራንያ እናት ጎንደሬ ናቸውና አማርኛው አላመለጣትም። ዛሬ ካልተጣራ ይህች ሴት ነገ ወህኒ ትወርዳለች፤ ከዚያ ወዲያ የሚጠይቃት የለም።

ባልየው ሐጅ ሐመድ በር ላይ ቆሟል። «ልጄ፣ ማንንም አትክሰሱ። ሰብጋውን ለአሻንጉሊቷ ጸጉር በጥብጣው ነበር። ተሳስታ ጠጣችው፤ የአላህ ውሳኔ ነው።»

ራንያ አሻንጉሊቷን አነሳች። ቀጭን ወገብ፣ የተኳለ ዐይን፣ ጀርባዋ ላይ የደበዘዘ ቁጥር። መጅዳ ከሦስት ቀን በፊት ሱቅ ዐረቢ ገበያ ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ገዝታት፣ ገና ግማሽ ፊቷን ነው ያጸዳችው። ቀኝ እግሯ ላይ የልጅ ጥርስ አርፎበታል። ጠረጴዛው ላይ የተጣሉት የጥጥ ቁርጥራጮች በጥቀርሻና በዘይት ጠቁረዋል። የደብተሩ የመጨረሻ መስመር፦ «ጥርሱ የሸይማእ ነው። መገጣጠሚያዋ ውስጥ አፈር የለም።»

«ሸይማእ ማናት?»

«ልጃቸው» አለች ሀኒፋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «አሻንጉሊቷን መጅዳ ራሷ አድሳ ነው የሰጠቻት። ጦርነቱ ሲነሳ መጅዳ ለሕክምና ካይሮ ነበረች። ልጅቷ ስትሞት ግቢው ውስጥ የቀበራት ሐመድ ነው። ‹አሻንጉሊቷን ከእጇ ማላቀቅ አቃተኝ፤ አብሬ ቀበርኳት› አለን። ነገ የማዘጋጃ ቤት ሰዎች አስከሬኗን ወደ መቃብር ሥፍራ ሊያዛውሩ ይመጣሉ።»

ራንያ ሁሉንም ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው።

«ሐጅ፣ ሰብጋ በፕላስቲክ ጸጉር ላይ አይዝም። ሃያ ዓመት አሻንጉሊት ያደሰች ሴት ይህን ታጣዋለች? የማያውቁት እርስዎ ነዎት። ጣትዎ በሰብጋ ጠቁሯል፤ ጺምዎ ግን ከሥሩ ነጭ ነው። ለማን በጠበጡት? ሀኒፋ፣ ብርጭቆውን ይዞ የገባው ማን ነው?»

ሀኒፋ የእህቷን ባል አየችው። «እሱ» አለች በቀስታ።

«መቃብር የገባች አሻንጉሊት አፈር ሳይዛት አትወጣም። ይህቺ አልተቀበረችም፤ ሸይማእም አልተቀበረችም። መጅዳ ይህን ጠየቀችዎት። ነገ ደግሞ ባዶው ጉድጓድ ሊከፈት ነው።»

ሐመድ የጠቆሩ ጣቶቹን እያየ ተናገረ። «ልጅቷ ትኩሳት ላይ ነበረች። ውሃ ፍለጋ ወጣሁ፤ ተኩሱ መንገዱን ዘጋው፤ ሸሸሁ። ከወር በኋላ ስመለስ ቤቱ ባዶ ነው። ‹ጥያት ሸሸሁ› ከምላት ‹ቀበርኳት› ብላት ይሻላል አልኩ።»

ካቴናው ከዝናሽ እጅ ተፈትቶ በሐመድ እጅ ገባ።

«ነፃ ነሽ፤ ያላ፣ ሂጂ» አለቻት ራንያ።

ዝናሽ አልተንቀሳቀሰችም። «ማማ መጅዳ ትናንት ሲዘፍኑ ዋሉ» አለች አንጓዋን እያሻሸች። «‹የሸይማእን አልጋ አንጥፊ፤ ትመጣለች› አሉኝ። ሐዘኑ አእምሯቸውን የነካቸው መስሎኝ እሺ አልኩ እንጂ አላነጠፍኩም።»